አሥራ ሁለተኛው ጋን

ከኒዝዋ ሽቅብ ነው፤ ጆሮ ይደፍናል፤
የባሕረ ሰላጤው ወበቅ ታች ይቀራል።
ጀበል አኽደር ጫፍ ላይ፣ እርከን በእርከን ላይ፣
ሮማን፣ ጽጌረዳ፣ ከዚያ በኋላ ሰማይ።
እኔን ያመጣኝ ግን ሮማኑ አይደለም፤
ሙዝናን ላጥባት ነው፤ ቀኝ ዓይኗ አያይም፤
ግራውም ሊጠፋ ቀን ይቆጥራል አሉ፣
ፓስፖርቴን ቆልፈው ሙስካት የሚውሉ
ሦስት ወንዶች ልጆቿ።

ሥራዬን ሲነግሩኝ፦ ወጥ፣ ልብስ፣ ወለል።
ስለ ጓዳው ጋን ግን አንድም አልወጣቸው ቃል።

ጽጌረዳ በሚያዝያ የሚነጠርበት፣
ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ ቤት፤
ከምድጃው ኋላ ሦስት ደረጃ ሲወርዱ
ጋን አለ፣ እስከ ወገቡ የዋጠው ምድሩ።
ክዳኑን አነሣሁ። ማንም ሳይነግረኝ
የአባቴ መዳፍ ሽታ ፊቴን ዳሰሰኝ።

አባቴ ቤተልሔም ዘቢብ ጨማቂ ነበር፣
ሌሊት፣ በነጭ ጨርቅ፣ ሳይተነፍስ ነገር።
እጁን ይዤ ሳሸት፣ «ይህ አይሸተት» ይለኛል፤
ይለኛል እንጂ ግን መዳፉን ይከፍትልኛል።
ካደግሁ ወዲያ ደግሞ ዝዋይ፣ በቀን ሂሳብ፣
ሐረግ ስከረክም፣ ዘለላ ስሰበስብ፣
ሦስት ዓመት ፈጀሁ። መቀሱ አጎበጠኝ።
ይኸው አሁን እዚህ፤ ወይን ተከተለኝ።

ሙዝና ሰማችኝ። ዓይን ያጣ ደረጃ ይቆጥራል።
«ወረድሽ?»
«አዎን፣ ማማ።»
«አፍንጫሽ ያውቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሯን ሳሽላት ማታ
ታወራኝ ጀመረ፣ ቆም እያለች፣ በዝግታ፦
የአያቷ አያት ኸልፋን ድንጋይ ፈልፍሎ
ገንዳ ሠራ፣ ዛሬ ፍየል የሚጠጣበትን፣ ቀኑ ጎድሎ።
ወይኑን በእግሩ ረግጦ ሞላ አሥራ ሁለት ጋን፤
ጥቁሩ ለሰርግ ነው፣ ነጩ ለአራስ፤ ግን
ሦስተኛው፣ ከዘቢብ፣ ማር የመሰለው፣
ደም ተቃብተው ኖረው ለታረቁ ነው።
ጎረቤቶች ሁሉ «ለብርድ ነው» ይላሉ፤
በሐምሌ ሐሩርም «በረደን» ይላሉ።

ልጁ ሰይፍ ከሐጅ ተመልሶ መጣ።
መጥረቢያ አነሣ፤ ጓዳ ገባ፣ ወጣ፤
አሥራ አንዱን ሰበረ። ወይኑ በቦዩ ፈስሶ
ሰባት እርከን ሮማን አጠጣ ደርሶ።
አሥራ ሁለተኛው ላይ እናቱ ተቀመጠች።
«ይኼ ኮምጥጦልሃል፤ ቅመሰው» አለች።
ቀመሰ። ዝም አለ። «አቼቶ ነው፤ ሐላል።»
መጥረቢያውን ጥሎ ወደ ሶላት ሄዷል።
እውነት ኮምጥጦ ነው? ወይስ ልጇ አፍሮ?
ሙዝና ትስቃለች፣ ጥርስ በሌለው ድድ፦ «ማን ያውቃል ዘንድሮ!»

ከዚያ ወዲህ ጋኑ አንድ ቀን አልደረቀም፤
ከላይ ይቀዱታል፣ አተላው አይነካም፤
በየዓመቱ አዲስ ጭማቂ ይገባል፣
ያው የኸልፋን እርሾ ሁሉን ያኮመጥጣል።
የሰው ስም ይረሳል፤ እርሾ ያስታውሳል።

አሁን ፈለጁ ሳስቷል። ወይኑ መንምኖ አለቀ፤
ከጓሮው ግንብ ላይ አንድ ሐረግ ተጣበቀ።
ወንዶቹ መጥተው ለኩ፣ ለቱሪስት ማደሪያ፤
«ይኼን እንጨት ቁረጪ፤ ይኸውልሽ መጥረቢያ።»

መጥረቢያውን አኖርሁ። መቀስ አወጣሁ።
ዝዋይ እንደ ለመድሁት፣ ሁለት ሁለት ዓይን ትቼ ሌላውን ቆረጥሁ።
ሲያዩት የሞተ ይመስላል፤ ይኼ ነው ሥራው።
ሙዝና በጣቷ ጫፉን ዳሰሰችው፤
«ያለቅሳል» አለችኝ። እውነትም ረጥቧል።
የሚያለቅስ ሐረግ ሥሩ ገና ይጠጣል።

ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ይቀረዋል።
ዘለላው ቢደርስም በነሐሴ ይሆናል።
ማን ይጨምቀዋል? እኔ አልጠየቅሁም፤
እሷም አልነገረችኝ፣ አንገቷን አልነቀነቀችም።
ማታ እግሯን ሳሽላት ብቻ፣ ድንገት፣ እጄን ስባ፣
አፍንጫዋ ላይ አኖረችው፣ እንደ አበባ።
ይህ አይሸተት አላልኋትም።

መዳፌን ከፈትሁላት።